ጆሮ፦ ደህና

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ግራ ጆሮዬ ተደፍኗል። ጉንፋን ነው። ነገ ይከፈታል።

ያው ቀን፣ ማታ

ከላይ ያለውን የጻፍኩት በምሳ ሰዓት፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ነው። አሁን ልጄ ስለተኛች በደንብ ልጻፈው፤ ለሌላ ሰው የምናገረው ነገር አይደለም።

ከግድቡ በር ፊት ለፊት፣ ውሃው ውስጥ የተተከሉ ስድስት የብረት ወንፊቶች አሉ። ቅጠልና ጭራሮ ወደ ማሽኑ እንዳይገባ ያግዳሉ። ዝናብ ሳይመጣ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ ይፋቃሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። የሚጎትታቸው ገመድ የሚጠቀልለው ማሽን፣ ዊንቹ ነው፤ ታች ወርዶ መንጠቆውን የሚያስረው ግን ጠላቂ ነው። ጠላቂ ደግሞ በዚህ ሳምንት እኔ ብቻ ነኝ። ባልደረባዬ ሚስቱ ወልዳለት ፈቃድ ላይ ነው።

ከመውረዴ በፊት ጋሽ ሚዛን አዩኝና «ድምፅሽ በአፍንጫሽ ነው የሚወጣው» አሉኝ። «አቧራ ነው ጋሼ» አልኩ። ሠላሳ ዓመት ጠልቀው አሁን ከላይ ሆነው ሥራውን ይመራሉ። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሚዛን ብሎ ስም ያወጣላቸው ሠራተኛው ነው፤ ቃል ሳይመዝኑ አይናገሩም፣ አንዲት ትርፍ ከአፋቸው አትወጣም። በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ «ጆሮ አይገደድም፤ ይለመናል» ነበር። አፍንጫሽን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ንፊ፣ ካልተከፈተ ትንሽ ከፍ በይና ድገሚ፣ እምቢ ካለ ውጪና ወደ ቤትሽ ሂጂ።

አራት ሜትር ላይ እምቢ አለኝ። ከፍ አልኩ፣ ወረድኩ፣ አሁንም እምቢ። አለቃችን ካቦው ከላይ ቆሞ ሰዓቱን ሲያይ ታየኝ፤ ውሃ ውስጥ ሆኜ እንዴት እንዳየሁት እንጃ፣ ግን ታየኝ። የተቀጠርኩ ዕለት «ሴት ጉንፋን ይበዛባታል» ሲል ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። ይኸው ስምንት ዓመቴ፣ አንድም ቀን በጉንፋን ቀርቼ አላውቅም። አፍንጫዬን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ነፋሁ። ጷ አለ። መጀመሪያ ህመሙ መጣ፣ ቀጥሎ ውሃው ሁሉ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞር ጀመር። ላይና ታቹ ጠፋኝ። ወንፊቱን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ሲተወኝ መንጠቆውን አሰርኩና ወጣሁ።

መነጽሬ ውስጥ ደም ነበር። ጎንበስ ብዬ አጠብኩት፤ ማንም አላየኝም። የመጥለቂያ መዝገቡ ላይ «ጆሮ» የምትል አንዲት አምድ አለች። «ደህና» ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

አልተከፈተም። ማስቲካ አኘክሁ፣ አዛጋሁ፣ በአንድ እግሬ ዘለልኩ። ስናገር በርሜል ውስጥ ሆኜ የማወራ ይመስለኛል። ከውስጥ ደግሞ ፉጨት አለ፤ ሊፈላ የተቃረበ ማንቆርቆሪያ ዓይነት፣ ብቻ ይኼኛው ፈልቶ የሚወርድ አይደለም።

ዛሬም ጠለቅሁ። ሁለተኛው ወንፊት ወጣ። ጆሮ፦ ደህና።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ከተማው ማዶ ያለ ፋርማሲ ሄድኩ። የሰፈራችን ፋርማሲ ባለቤት የካቦው ሚስት እህት ናት፤ እዚያ ያስነጠሰ ሰው ሰኞ ጠዋት ግድቡ ላይ «ይማርህ» ይባላል።

«ለማን ነው?» አለኝ ባለ ፋርማሲው።

«ለእህቴ።»

«ምን ሆና?»

«ስትዋኝ ውሃ ገብቶባት።»

«ያፏጭባታል?»

«አዎ።»

«ያዞራታል?»

«አልፎ አልፎ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጠብታ አልሸጥልሽም። እህትሽ የጆሮ ሐኪም ትታይ። ዛሬ ነው የምልሽ፤ ነገ አይደለም።»

«እነግራታለሁ» ብዬ ወጣሁ። እህት የለኝም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ ፀጉር ቆራጭ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጆሮ ሲዞር የሚውል ሰው፣ የሚስቱን ጆሮ አላየም። ተመስገን ማለት ነው ያለብኝ፤ ግን አላልኩም። ትንሽ ተናደድኩበት። ደብቄ ሳለሁ ለምን አላየህም ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው?

ልጄ በግራዬ በኩል ተጠግታ፣ እጇን ከልላ ጆሮዬ ላይ ምስጢር ነገረችኝ። ትንፋሿ ሞቀኝ። ቃሉ ግን አልገባም። «እሺ?» አለችኝ ዓይን ዓይኔን እያየች። «እሺ» አልኩ። ሳመችኝና እየዘለለች ሄደች። ምን እንደፈቀድኩ አላውቅም።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ባልደረባዬ ከፈቃዱ ተመለሰ። ለካቦው ወገቤን አሞኛል አልኩት። ወገብ ጥሩ ነው፤ ማንም ገብቶ አያይልሽም። «እንግዲያው እሱ ይጥለቅ፣ አንቺ ዊንቹን ያዢ» አለኝ። ጆሮዬን ብነግረው ሐኪም ዘንድ ይልከኛል፣ ሐኪሙ መጥለቅ ይከለክለኛል፣ የማይጠልቅ ጠላቂ ደግሞ መጋዘን ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ካረፍኩ ይከፈታል። ማንም ሳያውቅ ይከፈታል።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ምስጢሩ ታወቀ። ልጄ ፀጉሯን እንደ ወንድ ልጅ ተላጭታ መጣች። አባቷ ነው የቆረጣት። «ፈቅዳልኛለች ብላኝ እኮ ነው!» አለ።

«ጠይቄሻለሁ፣ እሺ ብለሽኛል» አለች እሷም።

«አዎ፣ ፈቅጃለሁ» አልኩ። ምን ልበል? ያ ሁሉ ያበጠርኩት ፀጉር በመጥረጊያ ተጠርጎ ሄዷል። ባለቤቴ ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔ ሳህን አጠብኩ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

የጋሽ ሚዛን እጅ። ቀኙ። ሁለት ጣት።

ሆስፒታል ወስደዋቸዋል። ማታ እጽፈዋለሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

እንደሆነው ልጻፈው።

ዊንቹ ላይ አራት ቃል ነው ያለን። «ሳቢ» ሲሉኝ አወጣለሁ፣ «ልቀቂ» ሲሉኝ አወርዳለሁ። «አጥብቂ» የላላውን ገመድ ወጥሪ ነው። «ጠብቂ» ደግሞ እጅሽን አንሺ፣ ምንም አትንኪ ነው። ድሮ አንድ መሐንዲስ እነዚህ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ አንዱን ቀይሩ ብሎ ነበር አሉ። የለመደ አፍ እምቢ አለና በዚያው ቀረ። ስለዚህ ከቃሉ ጋር እጅ ይታያል፤ ለ«ጠብቂ» የተጨበጠ እጅ፣ ለ«አጥብቂ» ጣት ማሽከርከር።

አራተኛው ወንፊት ተፍቆ ሊመለስ አፋፉ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የማሰሪያው ሰንሰለት ተጣሞ መንጠቆው ላይ ተደራርቧል። ጋሽ ሚዛን ሊያቃኑት ቀኝ እጃቸውን በሰንሰለቱና በብረቱ መሃል አስገቡ። በግራቸው ወንፊቱን ደግፈዋል፤ ስለዚህ የሚያሳዩኝ እጅ አልነበራቸውም። ጀነሬተሩ በቀኜ ይጮሃል፤ እሳቸው በግራዬ ናቸው። ተናገሩ። እኔ መዘውሩን ገፋሁ። ሰንሰለቱ ተወጠረ።

አልጮሁም። «ኡህ» ብቻ ነው ያሉት። እሱን ሰማሁት።

«አጥብቂ» ነው ያሉት። «አጥብቂ» ነው የሰማሁት።

ጥር 22፣ ሐሙስ

የደህንነት ኃላፊው ወረቀቱን ይዞ መጣ። ባልደረባዬ ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ ነበር። ካቦው ቢሮ ነበር። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ምን አሉሽ?»

«አጥብቂ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

መዝገቡን ገለጠ። በጣቱ አምዷን ከላይ እስከ ታች ወረደባት። ደህና፣ ደህና፣ ደህና፣ ደህና። «የጠላቂ ጆሮ ነው» አለ ለካቦው፣ «ከዚህ የተሻለ ምስክር አናገኝም።» ካቦውም ራሱን ነቀነቀ። የፈረምኩት በራሴ እጅ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሆስፒታል ጠየቅኋቸው። የመሃል ጣታቸውና የቀለበት ጣታቸው የሉም። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ብርቱካን ይዤ ሄጄ ነበር፤ በአንድ እጅ ብርቱካን እንደማይላጥ የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው። ልጬ ሰጠኋቸው።

«እኔ ‹ጠብቂ› ያልኩ መስሎኝ ነበር» አሉ ጣሪያውን እያዩ።

የብርቱካኑን ልጣጭ ሰበሰብኩ።

«ኃላፊው መጥቶ ነበር። አንቺ በደንብ እንደሰማሽ ነገረኝ። አንቺ ደግሞ የማታውቂውን የምትናገሪ ልጅ አይደለሽም። እንግዲህ አፌ ነው። አባቴም እንዲህ ነው የጀመረው። ጨው አምጪ ሊል ውሃ አምጪ እያለ። መጨረሻ ላይ እኔን በአጎቴ ስም ነበር የሚጠራኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ነፋስ ነበር፣ ጀነሬተሩም ይጮህ ነበር…» አልኩ።

«ነፋስ ቃል አይለውጥም» አሉ።

ብርቱካኑን እስኪጨርሱ ጠበቅሁና ወጣሁ። ደረጃው ላይ አዞረኝ። ግድግዳ ይዤ ወረድኩ። ነርሷ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «ደህና» ብያት ወጣሁ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ባለቤቴ ከሱቁ ወሬ ይዞ መጣ። ፀጉር የሚቆረጠው ሠራተኛ ሁሉ የሚያወራው ያንኑ ነው። «ሚዛን ተዛባ» እያሉ ይስቃሉ አለ። አንዱ ደግሞ ባለፈው ወር ሰላም ብያቸው ዝም አሉኝ፣ ያኔም ጀምሯቸው ነበር ብሏል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሰላም የሚሉት በአንገታቸው ነው!

«እሳቸው ይህን ይሰማሉ?» አልኩት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ አይደል» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሌላ ነገር ተናገረ። በግራዬ ስለነበር አልያዝኩትም። እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ፊቱ ተለወጠ። «‹ምን ሆነሽ ነው› ነው እኮ ያልኩሽ» አለ።

ሁሉን አልነገርኩትም። ጆሮዬን ብቻ ነገርኩት። መብራት አጠገብ አስቀመጠኝ፣ ጆሮዬን ወደ ኋላ ስቦ አየው፤ የሚታይ ነገር የለም። «ሃያ ሦስት ቀን!» አለ። እጁ ይሸታል፣ የሱቁ ሳሙና። አለቀስኩ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

የጆሮ ሐኪሟ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። በመብራት አየች፤ የጆሮዬ ታምቡር ላይ ቀዳዳ ነበር፣ እየዳነ ነው አለች። ደስ አለኝ። ከዚያ ሹካ የመሰለ ብረት ጉልበቷ ላይ መታችና ግንባሬ ላይ አቆመችው። «በየት በኩል ይሰማሻል?» አለች። «በቀኝ።» ደገመችው። «በቀኝ።» ያን ጊዜ ፈጠን ማለቷን ተወች።

በጆሮ ማዳመጫ መረመረችኝ። ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ድምፅ ሲሰማኝ ቁልፍ እጫናለሁ። በቀኝ ጆሮዬ ተራ እጄ ሥራ አልፈታም። በግራው ተራ ተቀምጬ፣ ተቀምጬ፣ ማሽኑ የተበላሸ መሰለኝ።

ጉዳቱ ከታምቡሩ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል አለች፤ ቀዳዳው ብቻ ቢሆን ብረቱ በግራ ነበር የሚሰማኝ። በኃይል ስነፋ ነው። «በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጥተሽ ቢሆን መድኃኒትም ዕረፍትም ነበረው። ይመለስልሽ ነበር አልልም፤ ግን እንሞክር ነበር።» አሁን በግራዬ የቀረኝ ከመቶ ሃያ እጅ ያህል ነው። መጥለቅ ቀርቷል። ለስድስት ሳምንት አይደለም፣ በቃ ቀርቷል።

ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያውም በሁለት ጆሮ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

የጋሽ ሚዛንን ባለቤት አትክልት ቤት አገኘኋቸው። እትዬ ከስተዋል። «ቁስሉስ ይድናል» አሉኝ። «ሰውዬው ነው የጠፋብኝ። አንድ ነገር ይናገርና ‹ምን አልኩ?› ይለኛል። ‹ሻይ ስጪኝ ነው ያልከው› እለዋለሁ። ‹ሻይ ነው? ሌላ አላልኩም?› ይለኛል። አሁን ደግሞ ደብተር ገዝቶ ሊናገር ያሰበውን በግራ እጁ ይጽፋል፣ ከዚያ ተናግሮ ደብተሩን ያየዋል። ትናንት ልጃችን ስትደውል ስልኩን አላነሳም። ‹በሌላ ስም ብጠራትስ?› አለኝ።»

ቲማቲሙን እያገላበጥኩ ነበር። እትዬ ክንዴን ያዙኝ። «አንቺን ይወድሻል። እስቲ መጥተሽ አጫውቺው» አሉ።

እሺ አልኩ። አልሄድኩም።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ካቦው ዛሬ ነገረን። ዓርብ ጋሽ ሚዛን መጥተው ወረቀት ይፈርማሉ። የተሳሳተ ትእዛዝ መስጠታቸውን አምነው፣ በማስታወስ ችግር ምክንያት ሥራ ማቆማቸውን። «በክብር ነው የምንሸኛቸው» አለ። ባልደረባዬ «ምን ዓይነት ክብር ነው፣ ጅል ነኝ ብሎ አስፈርሞ መሸኘት!» አለው። ካቦው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወጣ።

ባልደረባዬ ወደኔ ዞሮ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለኝ። ወገቤን ይዤ ተቀመጥኩ። የማያመኝን ወገብ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

አጥብቂ። ጠብቂ። ባለቤቴን ማድ ቤት አቁሜ፣ ግራዬን ሰጥቼው፣ ደጋግሞ እንዲናገራቸው ለመንኩት። ሁለቱም አንድ ናቸው። «…ብቂ» ብቻ ነው የሚደርሰኝ። የቃሉን መጀመሪያ የምሞላው እኔ ነኝ።

ያን ዕለትም የሰማሁት ጅራቱን ነው። ይህን ጽፌ ለማየት ሃያ አንድ ቀን ፈጀብኝ። መዘውሩን ከመግፋቴ በፊት ዞር ብዬ «ምን አሉኝ?» ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው። ካልሰማሁ ጠያቂ እሆናለሁ፣ ጠያቂ ከሆንኩ ይታወቅብኛል ብዬ ገመትኩ። ገምቼ ገፋሁ።

ለባለቤቴ ሁሉን፣ ነገ ካቦው ዘንድ እንደምሄድም ነገርኩት። «ነገ እኔም ልምጣ?» አለኝ። «አይ» አልኩ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጠዋት ካቦው ቢሮ ገባሁ። የሐኪሟን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ቆሜ ተናገርኩ። ደም የነበረበትን መነጽር፣ መዝገቡን፣ ወገቤን፣ «…ብቂ»ን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርዶ ገለጠው።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ደህና› ብለሽኛል» አለ። «የቱን ነው የማምነው?»

«የዛሬውን» አልኩ።

የነገው ፊርማ ቀርቷል። የኔ ጉዳይ ሰኞ ይታያል። ቁልፌን አስረክቤ ወጣሁ። እንደሚባረር ሰው አልተሰማኝም፤ ምንም አልተሰማኝም። ገና የቀረኝ ነበር።

ጋሽ ሚዛን ቤት ስደርስ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። ደብተሩ ፊታቸው ነው፤ የሕፃን ጽሕፈት ይመስላል። እትዬ ደስ ብሏቸው ወንበር ሳቡልኝ። ጋሽ ሚዛንን በቀኜ በኩል አድርጌ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ‹ጠብቂ› ነው ያሉት።»

«ምን?»

«‹ጠብቂ› ነው ያሉት። በትክክል ነው የተናገሩት። እኔ ነኝ ያልሰማሁት፤ ግራ ጆሮዬ ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ አይሰማም ነበር። ደብቄ ነው። እርስዎ ምንም አልሆኑም ጋሼ። አእምሮዎ ደህና ነው።»

እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ግድግዳው ላይ ተደገፉ። ጋሽ ሚዛን አልተንቀሳቀሱም። ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያቺኑ ቃል ለራሳቸው ይሏታል፣ ጠብቂ፣ ጠብቂ።

«መቼ አወቅሽ?» አሉኝ።

ትናንት፣ ባለቤቴ ማድ ቤት ሲናገር፣ ልል ነበር። እዚህ ደብተር ላይም እንደዚያ ነው የጻፍኩት።

«ያን ዕለት» አልኩ። «‹ኡህ› ሲሉ።»

«ሆስፒታል ስትመጪ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«የአባቴን ነገር ስነግርሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስንት ቀን ሆነው?»

«ሃያ ሁለት።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ብድግ ስል በግራ እጃቸው ተይው የሚል ምልክት አሳዩኝ። ቃላቸውን እንደ ድሮው ሲመዝኑ አየሁ፤ ወደ ደብተሩ አልተመለከቱም።

«ጣቶቼን ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «ብረት ነው፣ ሥራ ነው፣ ይደርሳል። ሃያ ሁለቱን ቀን ግን አላውቅም።»

ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። መክፈቻው ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። በግራቸው ሁለት ጊዜ ሞክረው አቃታቸው፤ እኔም ልረዳቸው ፈራሁና ቆሜ ጠበቅሁ። በሦስተኛው ከፈቱልኝ።